የልጁ ፋይል በማን እጅ ይሁን?

ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ከዳባት በኩል የመጡ ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥቁር ፌስታል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ፌስታሉ ውስጥ አራት ደብዳቤ አለ፤ ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያና ከፖሊስ። ሁሉም ላይ ክብ ማኅተም አርፏል። ሁሉም «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ይጀምሩና «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ብለው ይጨርሳሉ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በሩ ስላልተዘጋ የሚሉት ሁሉ ይሰማኝ ነበር። የልጁ አባት እንዴት እንደሞተ፣ እናቱ ወዴት እንደሄደች፣ ልጁ በማን ቤት እንደከረመ ከሥሩ አንሥተው ነገሩ። «በሰኔ ነው የሞተው» ሲሉ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በግንቦት ነው» አላቸው። ባለሙያዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ከዚያ «እማማ፣ ይኼ ጉዳይ በእኛ በኩል አያልቅም፤ የሚሄዱበትን ልጻፍልዎ» ብላ የሌላ ክፍል ስም በብጣሽ ወረቀት ሰጠቻቸው። ሲወጡ «አራተኛችን ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ያጠፋ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ቀበሌው የሚጽፈውን ጽፏል፤ ጤና ጣቢያው አክሟል፤ ባለሙያዋም ከሥልጣኗ ውጭ የሆነውን እሺ ብትል ኖሮ ይበልጥ ታጉላላቸው ነበር። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል። ልጁ ግን የአባቱን ሞት በአራት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሰማ፤ ወሩን ለማረም እስኪችል ድረስ ሰማው።

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን ለሕፃናት የሚሠሩ ክፍሎች ሁሉ ቢያንስ በከተማና በወረዳ ደረጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ይግቡ፤ አንድ ኃላፊ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ፋይል ይኑር ይላል። ሌላኛው ወገን ትምህርት ትምህርት፣ ጤናም ጤና፣ ፖሊስም ፖሊስ ሆኖ ይቆይ፤ የጎደለን ሰውና ገንዘብ እንጂ መዋቅር አይደለም ይላል። በሁለቱም በኩል ዕድሜያቸውን ለልጆች የሰጡ ሰዎችን ስለማውቅ፣ አንዱን ወገን ትክክል ሌላውን ደንቃራ አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል።

ማዋሐዱን የሚጠራጠሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የስም ለውጥን ነው፤ በዚህ በኩል የያዙት ማስረጃ ቀላል አይደለም። በፌዴራል ደረጃ በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ2008 ዓ.ም. ወጣቶች ወጥተው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች ተመለሱ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1263 ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ማኅበራዊውን ዘርፍ አምጥቶ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አደረገው፤ «ሕፃናት» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። የአማራ ክልል ቢሮ ግን ቃሉን ይዞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ተብሏል። አንድ መሥሪያ ቤት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ስም ሲይዝ፣ ከስሙ ጋር ማኅተሙ፣ የሥራ መደቡና ድልድሉ ይቀየራል። ድልድል ያየ ሠራተኛ ያውቀዋል፤ ማን የት እንደሚመደብ እስኪለጠፍ ድረስ ልብ ሥራው ላይ አይሆንም። በዚያ ወራት ባለጉዳይ የለም ማለት ደግሞ አይደለም።

በአንጻሩ የ2014ቱ ውሕደት ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጅ ብቻውን ችግር ላይ አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ያቋረጠው ልጅ ቤት ውስጥ የታመመች እናት ወይም መሬቱን ያከራየ አባት አለ። የሴፍቲኔት እርዳታውን የሚያይ ባለሙያና የልጁን ጉዳይ የሚያይ ባለሙያ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆኑ ቤተሰቡን እንደ ቤተሰብ የማየት ዕድል ይሰፋል። የቃሉ መውጣት ያሳሰባቸውም ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ በጀት ክፍፍል ላይ ስሙ የማይጠራ ጉዳይ ወደ ኋላ ይቀራል ብለው ይፈራሉ። ሥራው በአዋጁ ውስጥ እንዳለ አይክዱም። የሚጠይቁት የማን የዕለት ሥራ እንደሆነ ነው።

ለማዋሐድ የሚከራከሩት ከጎንደር የራስዋ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኮሌጁ ትልቁ ሐሳብ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድነት ማሠልጠንና በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ወባን፣ ወሊድንና የምንጭ ውኃን አንድ ቡድን ያያል። ዛሬም የዚያ ኮሌጅ ወራሽ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን ከተለያየ ክፍል አሰባጥሮ በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ይልካል። ይህ ከተማ አብሮ መሥራትን ከውጭ መማር አያስፈልገውም የሚሉት ለዚህ ነው።

ታሪኩን ቀረብ ብለን ካየነው ግን ለሌላኛውም ወገን ይመሰክራል። ነርሷ ነርስ፣ ሳኒታሪያኑም ሳኒታሪያን ሆነው ነው የሠሩት፤ ሙያቸውን አልደባለቁም። አንድ ያደረጋቸው የሚያገለግሉት ሕዝብና የሚውሉበት ጤና ጣቢያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር የሚቀላቅል ይመስለኛል፦ መሥሪያ ቤትን ማዋሐድና ሥራን ማቀናጀት። የመጀመሪያው በአዋጅና በደብዳቤ ይሆናል። ሁለተኛው ሰው ይፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ክልል ከተሞችም የተስፋፋው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይህን ክርክር አሙቆታል። ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ አዳራሽ ከገባ፣ የሕፃናቱ ጉዳይ ለምን አይገባም? ጥያቄው ጥሩ ነው። የልደት ምዝገባን ብቻ ብንወስድ እንኳ ጥቅሙ ይታያል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሲጀመር፣ በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የልደት ምዝገባ ያላቸው 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ክትባቱ፣ ምዝገባውና የማኅበራዊ ድጋፉ በአንድ ቦታ ቢያልቅ፣ ለአራዳ ወይም ለማራኪ ክፍለ ከተማ እናት ግማሽ ቀን ይተርፋታል።

ለበየዳ እናት ግን? የወረዳው ከተማ ድል ይብዛ ራስ ደጀን ጥግ ናት። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ቀበሌዎች ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ደባርቅ ለመድረስ የሰሜንን ተራሮች ማቋረጥ አለ፤ በክረምት መንገዱ ይበላሻል። አንድ ማዕከል ደባርቅ ላይ ቢከፈት፣ ቀድሞ በእግር ተጉዘው ወረዳ ላይ ይጨርሱት የነበረው ጉዳይ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ ሰሜን ጎንደር ይባል የነበረው ሰፊ ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ሲከፈል፣ ዳባት በአስተዳደር ወደ ደባርቅ፣ በሕክምና፣ በዘመድና በገበያ ግን ወደ ጎንደር የምታይ ሆነች። የእኒያ አሮጊት ፌስታል የከበደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጁ የከተማውንና የዞኑን ወሰን ተሻግሯል፤ ፋይሉ ግን አልተሻገረም። በከተማው ውስጥ ያሉትን ቢሮዎች ሁሉ ብናዋሕድ እንኳ ይህ አይፈታም።

ከመንገዱ በላይ ከባድ የሚመስለኝ የመተማመን ጉዳይ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንውሰድ። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ የወንጀል ሕጉም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን የሚያገባውን ይቀጣል። ያም ሆኖ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በደጋው አገር የሠርግ ወራት ሲገባ ርዕሰ መምህራን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች መቀመጫ እየተቆጠረ እንዳይጎድል ይሰጋሉ። ሠርጉ በማኅበር ወይም በክርስትና ድግስ ስም የሚደረግበት ጊዜ አለ። ሁሉም በአንድ ቢሮ ይሁን የሚሉት እዚህ ላይ ጠንካራ ምክንያት አላቸው። መምህሩ ልጅቷ መቅረቷን ያውቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሽማግሌ ቤቱ መምጣቱን ትሰማለች፤ ፖሊስ ግን የሚደርሰው ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው። ወሬው በጊዜ ቢገናኝ ልጅቷ ትተርፍ ነበር።

ሌላኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰማችውን ሁሉ በቀጥታ ለፖሊስ የምታደርስ ናት ተብሎ ከታወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያቺ እናት ለእርግዝና ክትትል በሯን አትከፍትላትም። ማን ያውቃል፣ ክትባቱም አብሮ ይቀራል። በአንድ ቀበሌ የምትኖር፣ ከሰዎቹ ጋር ማኅበር የምትጠጣ፣ ልጆቿን እዚያው የምታስተምር ሴት ላይ ይህን ሸክም መጫን ቀላል አይደለም። ሁለቱም ክርክር እውነት ይመስለኛል፤ አንዱ አንዲትን ልጅ ዛሬ ማዳንን፣ ሌላው ነገ የሚመጡትን ብዙዎች ላለማጣት መጠንቀቅን ያስቀድማል። የትኛው ይበልጣል ለሚለው የተዘጋጀ መልስ ያለው ሰው ጉዳዩን በቅርብ ያየው አይመስለኝም።

በዚሁ ክልል የተሞከረ ነገር አለ። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በሞሰቦ ተካሂዶ ነበር። አዲስ ቢሮ አልከፈተም። ልጃገረዶቹን በቡድን አሰባስቦ አንዲት ታላቅ ሴት መደበላቸው፤ ደብተርና እስክርቢቶ ሰጠ፤ ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት አካሄደ፤ ልጁን ለሁለት ዓመት ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ ፍየል ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ትዳር ውስጥ የመግባታቸው ዕድል ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀነሰ፤ ትምህርት ቤት የመቆየታቸውም ዕድል ጨመረ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጋብቻ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሮ ታይቷል። ትምህርቱን፣ ድጋፉንና የቤተሰቡን ኑሮ አንድ ላይ ማያያዝ እንደሚሠራ ከዚህ እንማራለን። ለአሥራ ሁለት ዓመቷ የሠራው ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ላይሠራ እንደሚችልም እንዲሁ።

ቀረብ ያለው ምሳሌ ሊቦ ከምከም ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሁሉ የወረዳውን ከተማ አዲስ ዘመንን ያልፋል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከዩኒሴፍ ጋር በክልሉ ሁለት ወረዳዎች፣ በሊቦ ከምከምና በደዋ ጨፋ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን፣ ከሥነ ምግብና ከሕፃናት ጥበቃ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ሞክሯል። የሙከራው እምብርት ሶሻል ወርከሩ ነው። ቤት ለቤት ይሄዳል፤ ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን መዝግቦ ወደሚመለከተው ክፍል ይልካል፤ መድረሱንም ተመልሶ ያጣራል። ይህ «ተመልሶ ያጣራል» የሚለው ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው፤ የአሮጊቷ አራት ደብዳቤዎች የጎደላቸው እሱ ነበርና። የሚጠራጠሩት ግን ከልብ የሚሰማ ጥያቄ አላቸው፦ የውጭ ገንዘብ ሲያበቃ የሶሻል ወርከሩን ደመወዝ፣ ሞተር ሳይክሉንና ቤንዚኑን ወረዳው ከየት ያመጣል? በመደበኛ በጀት ያልተያዘ መደብ ከፕሮጀክት ጋር ይመጣል፣ ከፕሮጀክት ጋር ይሄዳል። ይህን ስጋት የወረዳ ሠራተኛ ሁሉ በዓይኑ አይቶታል።

ገንዘብ ያላቸው አገሮችም በዚህ ተፈትነዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የስምንት ዓመት ልጅ በለንደን በአሳዳጊዎቿ እጅ ስትሞት፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታልና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የጉዳቷን ቁራጭ ያውቁ እንደነበር ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ በየአካባቢው ትምህርትንና የሕፃናትን ጥበቃ በአንድ ኃላፊ ሥር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ክሊምቢዬ ከዚህ ቀደም በነበረችበት በሃሪንጌ አስተዳደር ውስጥ፣ በብዙ ባለሙያዎች እየተጎበኘ የነበረ ሕፃን ሞተ። አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ ውሕደቱ ከንቱ ነበር ይላል፤ ሌላው ያለ ውሕደቱ ስንቱ ይሞት እንደነበር ማን ቆጠረ ይላል። እኔ ከዚህ የምወስደው መዋቅሩ ሲስተካከልም የሚጎበኘው ሰው ጊዜ፣ ልምድና ኃላፊነት እንደሚያስፈልገው ነው።

የወላጅ አልባ ልጆች ነገር በአጭሩ ይታለፍ። በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲቆም፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻና አደራ ቤተሰብ የየአካባቢው አስተዳደር ሥራ ሆነ ማለት ነው። የጡት ልጅ አድርጎ ማሳደግ በአገራችን የኖረ ነገር በመሆኑ ልማዱ ይረዳል፤ ልጁን የተረከበውን ቤት ተከታትሎ የሚያይ ባለሙያ ግን ልማድ ብቻውን አይተካም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለንበት ጊዜ አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደደረሰ ሲነገር ቆይቷል። በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ተመቱ። ትምህርት ቤቱን የሁሉም አገልግሎት መገናኛ ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ምገባው፣ ክትባቱ፣ ምዝገባው ልጁ ባለበት ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን ሁሉም አብሮ ተዘጋ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» የሚሉት አባቶች አገልግሎትን በአንድ ቦታ መከመር የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው። ማዕከሉን የሚደግፉትም በተራቸው፣ ትርምስ ሲመጣ ልጁ ማን እንደሆነና ከማን ጋር እንደነበረ የሚያሳይ አንድ መዝገብ አለመኖሩ ነው ይበልጥ የጎዳን ይላሉ። ለሁለቱም መልስ አላገኘሁም።

እኔ ግራ ቀኙን ካየሁ በኋላ፣ በብዙ ጥንቃቄ፣ ወደ መካከለኛው አዘነብላለሁ። ቢሮዎቹ ባሉበት ይቆዩ፤ ሌላ ድልድል፣ ሌላ ማኅተም አያስፈልግም። የሚዋሐደው የልጁ ፋይልና ልጁን የሚከታተለው ሰው ይሁን። እያንዳንዱ ችግር ላይ ያለ ልጅ ስሙ የታወቀ አንድ ሶሻል ወርከር ይኑረው፤ ደብዳቤውን ይዞ የሚዞረው አያት ሳይሆን እሱ ይሁን። ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍል አይታይ፤ የጤናው ምስጢር በጤና ይቆይ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ብቻ፣ ቀድሞ በተጻፈ ደንብ፣ ወደ ፖሊስ ይተላለፍ። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትናገር ከተጠየቀችም ደንቡ እንጂ እሷ ብቻዋን እንዳትጠየቅበት ይደረግ። ለከተማው አንድ ማዕከል ይሞከር፤ ለደጋው ግን ማዕከሉ በእግሩ ይሂድ፤ በገበያ ቀንና በክትባት ቀን፣ ሰው በሚሰበሰብበት።

ይህ የሚያሳጣው ነገር አለ። አንድ ኃላፊ የሚጠየቅበትን ግልጽነት አያመጣም። ሶሻል ወርከሩ ደግሞ ሥልጣን ከሌለው ሁሉንም እየለመነ የሚኖር አምስተኛ ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደመወዙ ከፕሮጀክት ሳይሆን ከወረዳው መደበኛ በጀት ይሁን፤ የሚጽፈው ደብዳቤም መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት። ገንዘቡ ለሁሉም ወረዳ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለመጀመሪያው ዓመት በከተማው አንድ ክፍለ ከተማ፣ በደጋው ደግሞ አንድ ወረዳ፣ ለምሳሌ ዳባት፣ በቂ ይመስለኛል፤ ሁለቱ በልጆች ምልልስ የተያያዙ ስለሆኑ ፋይሉ ወሰን መሻገር መቻሉ እዚያው ይፈተናል።

ከዓመቱ በኋላ የሚጠየቀው ስንት ስብሰባ እንደተካሄደ ወይም ስንት ሠራተኛ እንደሠለጠነ ባይሆን እመርጣለሁ። ከየፋይሉ ላይ ሁለት ነገር ይቆጠር፦ ልጁ ታሪኩን ለስንት ሰው እንደተናገረ፣ እና የተላከበት ክፍል መልስ የሰጠው በስንተኛው ቀን እንደሆነ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ማዕከሉን የሚፈልጉት ተራቸውን ያግኙ፤ እነሱም በዚሁ መለኪያ ይታዩ።